እናቲቱ የኮሶ ዛፍ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚሄድ መንገደኛ፥ ወገራን አልፎ ወደ ደባርቅ ሲቀርብ ምድሩ ከፍ እያለ ነፋሱም እየበረደ ይሄዳል። ከደባርቅ ወዲያ የስሜን ተራሮች ገደል በገደል ሆነው ይታያሉ። በዚህ ደጋ አገር፥ በሸለቆው ዳርና በቤተ ክርስቲያን አጸድ፥ ግንዱ ቀላ ያለ፥ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚወድቅ፥ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል አንድ ዛፍ ይገኛል። ስሙ ኮሶ ይባላል።

ልጆች ሆይ፥ የኮሶን ስም ያልሰማ ከእናንተ መካከል የለም። መራራ ነገር ስንቀምስ፥ «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን። ፊቱን ያጨማደደ ሰው ስናይም፥ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንላለን። ነገር ግን ስሙን የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ፥ ዛፉን በእግሩ ቆሞ ያዩት ጥቂቶች ናቸው። አባቶቻችን በየደጃቸው ያዩት የነበረውን ዛፍ ዛሬ ብዙ መንገድ ሄደን እንፈልገዋለን። ይህ ስለ ምን ሆነ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነገር ነው።

የዛፉ ጠባይ

ኮሶ ከጽጌረዳና በየአጥሩ ከምታውቁት ከቀጋ ጋራ ወገኑ አንድ ነው። ቁመቱ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል። ይልቁንም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2450 እስከ 3250 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ይስማማዋል። በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በኬንያ፥ በኡጋንዳ፥ በታንዛኒያና በሌሎችም የአፍሪቃ ተራሮች ይበቅላል። የዕፅዋት ሊቃውንት ሀጌንያ አቢሲኒካ ብለው ይጠሩታል፤ ሁለተኛው ስሙ የአገራችንን ስም የያዘ ነው።

በብዙ ዛፎች ዘንድ አንዱ ዛፍ ወንዴውንና ሴቴውን አበባ አንድነት ይይዛል። ኮሶ ግን እንዲህ አይደለም። እንደ ሰውና እንደ እንስሳ ወንዱ ለብቻው፥ ሴቲቱም ለብቻዋ ናቸው። የወንዱ ዘለላ ሳሳ ያለና ነጣ ያለ ነው፤ የሴቲቱ ዘለላ ግን የደነደነና ቀላ ያለ ነው። ወንዱ ዛፍ የአበባ ብናኝ ይሰጣል እንጂ ዘር አያፈራም። ሴቲቱ ዛፍ ያንን ብናኝ ተቀብላ ዘር ታፈራለች። ዘሩም እጅግ ደቃቅ ነው፤ በደረቀው አበባ ውስጥ እንዳለ ነፋስ ተሸክሞት ይሄዳል፥ በወደቀበትም ለም መሬት ይበቅላል።

አሁን ይህን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ሰው ለመድኃኒት የሚፈልገው የወንዱን አበባ አይደለም፤ የሴቲቱን ነው። እንግዲህ መድኃኒቱና ዘሩ ከአንዲት እናት፥ ከአንድም ዘለላ ይወጣሉ ማለት ነው። መድኃኒቱን የቈረጠ ሰው ዘሩንም አብሮ ቈርጦአል።

የአበባው ጥቅም

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው አንዳንድ ጊዜ በሆዱ ረጅም ትል ያድርበታል። ይህ ትል ከታመመ ከብት ሥጋ የሚመጣ ነው። አባቶቻችን ትሉንም፥ ዛፉንም፥ መድኃኒቱንም በአንድ ስም ኮሶ ብለው ጠሩ። አበባው ይደርቃል፥ ይወቀጣል፥ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በቀድሞ ዘመን ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ በዚያም ቀን ከቤት ሳይወጣ ይውል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የደረቀው አበባ ባሕር ተሻግሮ በአውሮጳ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

በዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮሶ ሲበዛ መርዝ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፥ ሰውም ይገድላል። ስለዚህ ማንም ልጅ በራሱ እጅ በጥብጦ አይጠጣው። ዛሬ በጤና ጣቢያ ለዚህ ትል በልክ የተሠራ ሌላ መድኃኒት ይገኛል። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ሥጋን አብስሎ መብላት ነው።

በጎንደር የሚነገር ነገር

ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1770 ዓ.ም. ወደ ጎንደር መጣ። በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የኮሶን ዛፍ ሥዕል ከነቅጠሉና ከነአበባው አሳየ። ኮሶ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከጽዱ ጋራ ለከተማው ወይም ለመንደሩ ሰው ጥቅም ይተከል እንደ ነበረም ጻፈ። ከዚህ ነገር ሁለት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ አባቶቻችን ኮሶን ከዱር ይለቅሙት ብቻ ሳይሆን ይተክሉት ነበር። ሁለተኛው፥ የተከሉት ማንም በማይደፍረው ቦታ ነበር፤ ዛፉም የአንድ ሰው ገንዘብ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ሀብት ነበር።

ሌላም ታሪክ አለ። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ይባሉ በነበረበት ጊዜ፥ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡዋቸው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር አግኝቶአቸው በጎንደር ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ ይወራ ነበርና። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉ የጦር አለቃ ይህንኑ ስድብ ተናግረው፥ ካሣን ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎከሩ። ውጊያው በሆነ ጊዜ ግን የተያዙት ወንድይራድ ራሳቸው ሆኑ። ካሣም ለምርኮኛቸው የሚጠጣ ኮሶ አቀረቡላቸው ይባላል። ከዚያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ በዚሁ በኮሶ አገር፥ በስሜን በደረስጌ ማርያም፥ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ቴዎድሮስ ተባሉ።

ልጆች ሆይ፥ ኮሶ መሸጥ ነውር አይደለም። ደሃ እናት ልጅዋን በምታሳድግበት ሥራ የሚስቅ ሰው እርሱ ይፈር። ነውሩ ሌላ ነው። ነውሩ ነገ የሚለቀመውን ዛሬ መግደል ነው።

ሦስቱ ዛፎች

ይህን የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ስሙ። በአንድ የደጋ መንደር፥ በደኑ ዳር ሦስት የኮሶ ዛፎች ነበሩ። ሁለቱ ወንዶች ነበሩ፤ አንዲቱ ሴት ነበረች። በዚያ መንደር አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በየዓመቱ አበባው ሲደርስ በሽማግሌዎች ፈቃድ ማጭድ ይዘው በመሰላል ይወጡ ነበር። የታችኛውን ዘለላ እየቈረጡ ለልጅ ልጃቸው ያቀብሉታል። ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ግን አይደርሱም ነበር።

አንድ ቀን ልጁ፥ «አባባ፥ ከላይ ያለው ከታችኛው ይበልጣል። ስለ ምን ይተዉታል?» አላቸው።

ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ የታችኛው የእኛ ድርሻ ነው፤ የላይኛው የነፋስ ድርሻ ነው» አሉት።

«ነፋስ በኮሶ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ስሞት ለአንተ ይተክልልሃል» አሉት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ደክመው ከቤት ዋሉ። በዚያ ጊዜ ከሌላ ስፍራ የመጣ አንድ ሰው ዛፎቹን አየ። አበባው በገበያ እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ቀይ እንጨቱም ለሣንቃና ለወንበር እንደሚፈለግ ያውቃል። መሰላል መሸከም፥ ዘለላ በዘለላ መቍረጥ ድካም መሰለው። ፈቃድ መጠየቅም አልወደደም። ስለዚህ በጨረቃ መጥቶ፥ አበባ ያለባትን መርጦ፥ በመጥረቢያ ጣላት። ግንዱን ከጓደኞቹ ጋራ ሰንጥቆ ጫነ፤ ከአበባው የቻለውን ያህል በጆንያ ሞላ፤ ሌላውን በምድር ላይ ትቶት ሄደ።

በማለዳ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ሴቶች በነጠላቸው፥ ልጆች በቁናቸው የወደቀውን አበባ ያፍሱ ጀመር። «ዛሬስ ያለ መሰላል አገኘነው» እያሉም ይሣሣቁ ነበር። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው መጡና በጉቶው አጠገብ ተቀምጠው አለቀሱ። የአገራችን ሰው፥ «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፥ ብልህ ያለቅሳል» የሚለው በዚያ ቀን ተፈጸመ።

ልጁም ቀርቦ፥ «አባባ፥ አንዲቱ ብትወድቅ ሁለቱ ቆመው የለምን? ስለ ምን ያለቅሳሉ?» አላቸው።

«ልጄ፥ የቆሙት ሁለቱ ወንዶች ናቸው» አሉት።

ልጁ ነገሩ ያን ጊዜ አልገባውም። በሚመጣው ዓመት ሁለቱ ዛፎች እንደ ልማዳቸው አበቡ፤ ንቦችም መጡባቸው፤ ብናኛቸውም በነፋስ ሄደ። ነገር ግን የምትቀበለው አልነበረችም። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ ሆነ። ልጁ ከዝናብ በኋላ በዛፎቹ ሥር እየዞረ ቡቃያ ቢፈልግ አንድ እንኳ አላገኘም። ያን ጊዜ የአያቱ ለቅሶ ገባው።

ዛፊቱን የቈረጠውም ሰው አልበለጸገም። የሣንቃው ገንዘብ ወዲያው አለቀ። እንደገና ኮሶ ሊሸጥ ሲፈልግ በመንደሩ አላገኘም፤ የአንድ ቀን መንገድ ሄደ። ያንንም እንደ ፊተኛው ጣለ። ለሚቀጥለው ዓመት የሁለት ቀን መንገድ ሄደ። መጥረቢያው በየዓመቱ መንገዱን ያረዝምበት ነበር፤ እርሱ ግን ያረዘመው ማን እንደ ሆነ አላስተዋለም።

ልጁም በጐለመሰ ጊዜ ኮሶ ወዳለበት ወደ ሌላ ደብር ሄደ። የደብሩን ሽማግሌዎች አስፈቅዶ የበሰለ ዘለላ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ተመለሰ። መሬት አልስልሶ ዘራ። ብዙው ሳይበቅል ቀረ፤ ከበቀለውም ጥቂቱን ፍየል በላው። የተረፈውን በእሾህ አጥሮ፥ በበጋ ውሃ እያጠጣ አሳደገው። ኮሶ ግን እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት ተለይቶ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ችግኝ ብቻ ተክሎ አልተቀመጠም፤ በየዓመቱ ብዙ ተከለ። ከእነርሱ መካከል አንዲቱ ሴት እንድትሆን ተስፋ እያደረገ አበባቸውን ይጠብቅ ነበር። መጥረቢያ በአንዲት ሌሊት ያጠፋውን ለመመለስ የአንድ ሰው ጕልማሳነት አለቀ።

ዛፉን የሚያጠፋው ምንድር ነው?

በእውነት የኮሶ ጠላት አንድ ብቻ አይደለም። እርሻ እየሰፋ ደኑን ይበላዋል። በግና ፍየል፥ ከብትም ቡቃያውን ይረግጡታል፥ ይግጡታል። እንጨቱ ቀይና ያማረ ስለ ሆነ ሣንቃ የሚፈልግ ሰው ይቈርጠዋል። መድኃኒት ፈላጊውም ዘሩ ሳይበስል ዘለላውን ይለቅመዋል፤ አንዳንዱም ለመውጣት ሲሰንፍ ቅርንጫፉን ይሰብራል ወይም ዛፉን ይጥላል። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ሲመጡ ሽማግሌው ዛፍ ይሞታል፥ ልጁም አይተካም። ልጅ የሌለበት ቤት እንደሚዘጋ፥ ቡቃያ የሌለበት ደንም እንዲሁ ይዘጋል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «ዛሬ ሌላ መድኃኒት ካለ፥ ኮሶ ቢጠፋ ምን ይጐዳናል?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ መልካም ነው፤ መልሱም ይህ ነው። ኮሶ ለትል ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ንብ ከአበባው ትቀስማለች። ሥሩ የተራራውን አፈር ይይዛል። ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያለመልማል። ደግሞም የዛሬ ሰው ያላወቀውን ጥቅም የነገ ሰው ሊያገኝበት ይችላል። አንድ መጽሐፍ ሳይነበብ ቢቃጠል፥ ምን እንደ ነበረበት የሚነግረን ከቶ አይገኝም።

ሕጉ ምን ይላል?

መንግሥትም ይህን ጥፋት አይቶ ሕግ አወጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት ዛፎችን በየስማቸው ጠርቶ፥ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ ከለከለ። እነርሱም ኮሶ፥ ዋንዛ፥ ዝግባና ጽድ ናቸው። ያ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ፤ እርሱም ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተካ። ስሙና ቁጥሩ ቢለወጥም፥ ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን ዛፍ የሚቈርጥ ሰው እስከ ዛሬ በሕግ ይቀጣል።

በስሜን ተራሮችም በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። ዋልያ፥ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ በዚያ ይኖራሉ፤ በቁልቁለቱም ደን ኮሶ ይገኛል። በ1970 ዓ.ም. ፓርኩ ከዓለም ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ። ነገር ግን እርሻና ግጦሽ ስለ በዛበት፥ ዋልያውም ስለ ተመናመነ፥ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ብዙ ከተደከመለት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከዚህም የምንማረው፥ ሰው ያበላሸውን ሰው ሊያቃና እንደሚችል ነው፤ ነገር ግን ማበላሸቱ ፈጣን፥ ማቃናቱ ዘገምተኛ ነው።

ደግሞም ሕግ ብቻውን ዛፍ አያድንም። የደን ጠባቂ ለእያንዳንዱ ዛፍ አይቆምም። ሌሊቱ ረጅም ነው፥ ደኑም ሰፊ ነው። በጨረቃ ከሚመጣው መጥረቢያ ዛፉን የሚያድነው፥ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ የእኔ ነው ሲለው ነው።

ምክር

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ትምህርት ይህን ያዙ። ከዱር የሚገኝ ነገር ባለቤት የሌለው አይምሰላችሁ፤ ገና ያልተወለዱት ልጆች ባለቤቶቹ ናቸው። ከዛፍ ስትለቅሙ አስፈቅዳችሁ ልቀሙ። ስትለቅሙም ለዘር የሚሆነውን ተዉ። ቡቃያ ባያችሁበት ስፍራ ከብት አታሠማሩ፤ በእሾህ እጠሩት። በሌሊት የተቈረጠ ሣንቃ ርካሽ ሆኖ ቢቀርብላችሁ፥ ወላጆቻችሁ እንዳይገዙ በትሕትና ንገሩዋቸው፤ የሚገዛ ከሌለ የሚቈርጥ የለምና። ከቻላችሁም ከመምህራችሁ ጋራ በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ኮሶ ትከሉ። አንድ አትትከሉ፤ ብዙ ትከሉ፤ እናቲቱ የትኛዋ እንደ ሆነች አታውቁምና።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዛሬ ከጕልበታችሁ የማይበልጠው ችግኝ አንድ ቀን ከቤታችሁ ጣራ በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ የታችኛውን ዘለላ ለራሳችሁ ቍረጡ፤ የላይኛውን ለነፋስ ተዉለት።

ጥያቄ

1. የኮሶ ዛፍ ከብዙ ሌሎች ዛፎች የሚለየው በምንድር ነው?
2. ለመድኃኒት የሚለቀመው የየትኛው ዛፍ አበባ ነው? ይህስ ለዛፉ ዘር ስለ ምን ጉዳት ይሆናል?
3. በጄምስ ብሩስ ጽሑፍ መሠረት ኮሶ በየት ይተከል ነበር? ስለ ማንስ ጥቅም?
4. ሽማግሌው «የላይኛው የነፋስ ድርሻ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነበር?
5. ሁለት ዛፎች ቆመው ሳሉ ሽማግሌው ስለ ምን አለቀሱ?
6. ልጁ አንድ ችግኝ ብቻ ሳይሆን ብዙ የተከለው ስለ ምንድር ነው?
7. በመንደራችሁ ስንት የኮሶ ዛፎች አሉ? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ፥ ቀድሞ ስንት እንደ ነበሩ ጻፉ።